ቤት ይምታ አትበሉኝ

ይህ ጽሑፍ አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ለወጣቶችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

«መሪጌታ ስለ ሂፕ ሆፕ ሊናገሩ ነው» ሲባል አንዳንዱ ሰው ልነቅፍ የምመጣ መስሎታል። ልነቅፍ አልመጣሁም። የመጣሁት ስለምወደው ነገር ላወራችሁ ነው።

እኔ የማኅሌት ሰው ነኝ። ያደግሁት ጎጃም ነው። ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቤ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ቁራሽ ለምኜ ነው የተማርኩት። ዜማ ተምሬ ቅኔ ቤት ገባሁ። ከዚያ አዲስ አበባ መጣሁ። ይኸው ከ30 ዓመት በላይ በዚህችው መሀል ከተማ፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉ አድባራት አገልግያለሁ። ከበሮ እመታለሁ፣ ጸናጽል እይዛለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ ቅኔ እቀኛለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም። ራፕንም የሰማሁት በዚሁ ጆሮ ነው።

በአንድ ሌሊት ልጀምር። የኅዳር ጽዮን ማኅሌት ነበር። የኅዳርን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ አጥንት ይሰብራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ በሩ ላይ አንዲት መነኩሲት ጠሩኝ። አጥሩ ሥር ላስቲክ ለብሰው ከሚያድሩት ነዳያን አጠገብ አንድ ጥቅል ተቀምጧል። ሕፃን ናት። የተጠቀለለችበት ነጠላ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። እትብቷ በክር ታስሯል። መነኩሲቷ ባትሪ ሲያበሩ ክሩን አየሁት። ከዚያው ከነጠላው ጫፍ የተመዘዘ ነበር።

ሕፃኗን ሴቶቹ አቅፈው ወሰዷት። ሲነጋ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተላከች። እኔ ግን ማኅሌቱ ደርሶብኝ ገባሁ። መቋሚያዬን ይዤ ቆምኩ፣ ዘመምን፣ ወረብን። እጄ ከበሮ ይመታል፣ ልቤ በሩ ላይ ቀርቷል። ጠዋት ወሬው ተዳረሰ። «ምን ዓይነት አውሬ ናት!» አለ ሰው ሁሉ። እኔም አብሬ አልኩ።

ዓመታት አለፉ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አንድ ቀን ምሳ በልተን ቡና እየጠበቅን ስልኳን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ይቺን አንዴ ስማት። እኔ እተረጉምልሃለሁ።»

ቱፓክ ሻኩር የሚባል ልጅ በ1991 ያወጣው ራፕ ነው፤ የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው የምናገረው። መነሻው የጋዜጣ ዜና ነው። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ወልዳ ሕፃኑን ቆሻሻ ውስጥ ጣለች ይላል ዜናው። ቱፓክ ልጅቷን ብሬንዳ ብሎ ስም ሰጣት። አይሰድባትም፣ አያመጻድቃትምም። ከቤቷ ነው የሚጀምረው። አባቷ የሱስ ሰው ነው። ሆዷ ሲገፋ ቤቱ ውስጥ ማንም ልብ አላለም። የብቻዋን ነገር፣ የጭንቋን፣ መጨረሻዋን ይተርካል። ልጄ ስልኩን እያስቆመች፣ መስመር በመስመር ትተረጉምልኛለች። መሀል ላይ «በቃ፣ በቃ» አልኳት።

ያን ሌሊት አውሬ ያልናት እናት ስንት ዓመቷ ነበር? አልጠየቅንም። ከካህን እስከ ነዳይ አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም። የነጠላውን ክር በጥርሷ ነው የመዘዘችው በእጇ? ጨለማ ውስጥ ማን ያዘላት? ይህን ጥያቄ በልቤ የከተተው ሩቅ አገር ያለ ልጅ ነው። ቱፓክ ዘፈኑን ሲያወጣ ገና 20 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ቁጭ ብዬ መስማት የጀመርኩት። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ልጄ ትረዳኛለች። ስለ ሕዝብ ችግር የሚናገረውን ዓይነት ሂፕ ሆፕ እነሱ «ኮንሸስ» ይሉታል። የነቃ፣ ልብ ያለው እንደማለት ነው። ዛሬ የማወራውም ስለዚህኛው ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። የቅኔ ሰው ራፕ ሲሰማ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

ቅኔ ቤት ከሰዓት በኋላ ተማሪው ሁሉ ለቆጠራ፣ ቅኔውን በልቡ ሊያወጣ፣ ይበተናል። አንዱ ዛፍ ሥር ይተኛል። አንዱ ፊቱን በደበሎው ይሸፍናል። ከሩቅ ያየው ሰው የተኛ ይመስለዋል። አልተኛም፣ ቃል እያሳደደ ነው። ማታ የኔታ ፊት ይቆምና የቆጠረውን ይናገራል። ጀማሪው ሁለት ስንኝ ባላት ጉባኤ ቃና ይፍጨረጨራል። የበሰለው ስምንት ስንኝ ያለውን መወድስ ያወርዳል። እየፈጠረ እንደ ውኃ የሚያፈሰውን «ዘረፈ» እንለዋለን። ቅኔ ዘራፊ ይባላል፣ የክብር ስም ነው። እናንተ ልጆች ፍሪስታይል የምትሉት ይኸው ነው።

ደግሞ ቅኔ አይደገምም። ዛሬ የተቀኘሁትን ለከርሞው በዓል ይዤ ብቆም ሊቃውንቱ አንገታቸውን ይደፋሉ። ለእያንዳንዱ በዓል አዲስ ነው የሚባለው። የሌላ ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብማ አይነሳ። ራፐሮቹም ዘንድ ሕጉ አንድ ነው። የሌላውን ግጥም የወሰደውን «ነከሰ» ይሉታል፣ ያፍሩበታል። ይህን ልጄ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። እኛ በደበሎ ዘመን የምንጠብቀውን ሕግ እነሱ በኒው ዮርክ ጎዳና ይጠብቁታል።

ሰሚውም አለ። ማኅሌት ላይ ቅኔው ሲያምር «ይበል!» ይባላል። አጭር ቃል ናት። ግን ባለቅኔው ለሷ ሲል ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። እኔ ቅኔ ቤት ገብቼ የመጀመሪያዋን «ይበል» እስክሰማ ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል። የኔታ ሲሏት ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነበር። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ሂፕ ሆፕ የተወለደበት ቀን ይታወቃል። ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው፣ በእነሱ ኦገስት 11 ቀን 1973። ቦታው ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ የሚባል ሰፈር፣ ሴጅዊክ ጎዳና፣ ቤት ቁጥር 1520። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ፈለገች። በሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ባለ አዳራሽ ድግስ አሰናዳች። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። ሙዚቃውን ያጫወተው ከጃማይካ የመጣው ወንድሟ ክላይቭ ነው። ዕድሜው 18፣ የመድረክ ስሙ ዲጄ ኩል ሄርክ። ሰው ይበልጥ የሚጨፍረው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር መሆኑን አስተውሎ ነበር። ስለዚህ አንዱን ሸክላ ሁለት አድርጎ፣ በሁለት ማጫወቻ እያቀያየረ፣ ያቺን የከበሮ ቦታ አስረዘማት። ግጥሙ በዚያች በረዘመችው ቦታ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

ያ ሰፈር ያን ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። በመሀሉ ትልቅ አውራ መንገድ ተቀዶበታል። ለመንገዱ ሲባል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነስተዋል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ደግሞ ሕንፃዎቹ እየተቃጠሉ ብሎክ በብሎክ ባዶ ቀረ። ሥራ የለም፣ ማንም አይጠይቃቸውም። ልጆቹ ግን ከመንገድ መብራት ኤሌክትሪክ ስበው ሜዳ ላይ ያጫውቱ ነበር።

1965 ሲባል እኔን የሚታወሰኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ክረምት የወሎ ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ነበር፣ ነገሩም ተሸፍኖ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ስለዚያ ረሃብ ሲያንጎራጉር የሰማ ሰው እስከ ዛሬ እንባው ይመጣል። ብሮንክስና ወሎ አይተዋወቁም። ግን በሁለቱም ቦታ ጋዜጣው ያልተናገረውን ዜማ ተናግሮታል። ቹክ ዲ የሚባለው ራፐር በኋላ ራፕ የጥቁሮች ሲኤንኤን ነው ብሏል። እኛ አገር ያንን ሥራ ሲሠራ የኖረው አዝማሪ ነው። «ተቀበል!» ይለዋል ሰሚው፣ ብሶቱን ያቀብለዋል፣ አዝማሪው በመሰንቆ ይመልሰዋል።

ስለ ከበሮ ትንሽ ልበል፣ ይህን ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። የእኛ ከበሮ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ሰፊ ነው፣ አንዱ ጠባብ። ሰፊው የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፣ ሰው የመሆኑ፣ ምሳሌ ነው ብለው አባቶች ያስተምራሉ። ዙሪያውን የተጠላለፈው ጠፍር ጌታችን የተገረፈው ግርፋት ሰንበር ነው። የለበሰው ጨርቅ ደግሞ የመግነዙ ምሳሌ ነው። ሰፊውን ስትመታው ድምፁ ወፍራም ነው፣ ደረት ውስጥ ይገባል። ጠባቡ ይጮኻል፣ ይቆርጣል። የራፕ ቢትም በሁለት ድምፅ ነው የሚቆመው። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቆራጭ። ልጆቹ «ቡም ባፕ» ይሉታል። «ቡም» ሰፊው ፊት፣ «ባፕ» ጠባቡ ፊት ነው። በፈረንጆቹ 1980 ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ 808 የሚባል የከበሮ ማሽን አወጣ። የወፍራሙ ድምፁ ርዝመት ሂፕ ሆፕን ቀየረው። ልጄ ስታሰማኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። መረግድ በሚባለው የማኅሌት ክፍል ላይ ከበሮው ሲረግጥ ወለሉ የሚሰማው ዓይነት ስሜት ነበረው። ምናልባት አገልጋይ ያልሆነ ሰው ይህን ላይሰማው ይችላል። ለእኔ ግን የማውቀው ድምፅ ነው።

በመጀመሪያ ራፕ የጨዋታ ነበር። ነገሩን የቀየረው በፈረንጆቹ 1982 በግራንድማስተር ፍላሽና በጓዶቹ ስም የወጣው ዘፈን ነው። ስለተሰባበረ ጠርሙስ፣ ስለ ዕዳ፣ መሄጃ ስላጣ ሰው ይናገራል። ከቡድኑ አባላት አንዳንዶቹ መጀመሪያ ሊቀርጹት አልፈለጉም። ሊጨፍር የመጣ ሰው ችግሩን እንዴት ይስማ ብለው ነው። ሰው ግን ሰማ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተከፈተ። በፈረንጆቹ 2018 ኬንድሪክ ላማር የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ሲወስድ ያ ሽልማት ከዚያ በፊት ከክላሲካልና ከጃዝ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

አሁን የራሳችንን ሰው ላንሳ፣ አለቃ ገብረ ሐናን። ሁላችሁም በቀልዳቸው ታውቋቸዋላችሁ። ሕፃን ሳይቀር ስለ እርሳቸው አንድ ጨዋታ አያጣም። ግን ስንቶቻችን ነን የማኅሌት ሊቅ እንደነበሩ የምናስታውስ? የፎገራ ሰው ናቸው። ዛሬ «ተክሌ» የምንለውን አቋቋም ያመነጩት እርሳቸው ናቸው። መቋሚያው ወደ ጎን ሲወዛወዝ፣ ሰውነት እንደ ማዕበል ሲሄድ አይታችኋል? ያንን ከጣና ሞገድና ከደንገሉ መወዛወዝ አይተው እንዳመጡት ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሏቸውም። እንግዳ ነገር ሆነባቸው። አለቃ ልጃቸውን ተክሌን አስተማሩት፣ በእሱ በኩል ተስፋፋ፣ ስሙንም ያዘ። ዛሬ በትልልቁ በዓል ተክሌ ሲዘመም ማንም «ይሄ ከየት መጣ?» አይልም። ደብረ ታቦር ሂዱና ጠይቁ።

ያው ሰው ናቸው እንግዲህ በሁለት ወገን በሚሠራ ቃል መኳንንቱን የሚወጉት። ዜማውና ቃሉ ከአንድ ሰው ነው የወጡት። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የያሬድ ልጅ መሆን ማለት አንገት ደፍቶ ማዜም ብቻ መስሎኝ ኖሬ ነበር። ለካ ከመቋሚያው ጋር የሾለ ቃል የሚይዙ አባቶች ነበሩን። ሰሙን ለባለሥልጣኑ፣ ወርቁን ለሕዝቡ። ራፕ ስሰማ አለቃ ትዝ ይሉኛል፣ ምን ላድርግ።

ቃል ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ላይ ብትሄዱ ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት አለ። በየቀኑ በታክሲ እናልፈዋለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ሦስት ቀን ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከሳምንታት በኋላ የተደረገውን ነው። ግራዚያኒ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ ዘዋሪ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና አስማተኞች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። ይህንንም ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ጽፎታል። የጣሊያን አገዛዝ ሊያልቅ ነው እያሉ ሕዝቡን ያነሳሳሉ ብሎ ነው። መሰንቆ የያዘ ሰው መትረየስ የያዘውን አስፈራው። በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት ተረሸኑ። አዝማሪውና ዲያቆኑ በሕይወት ሳሉ አንዱ አንዱን ሲሸሽ ኖሯል። አንዱ ወደ ጠጅ ቤት፣ አንዱ ወደ ቅኔ ማኅሌት። ገዳያቸው ግን አልለያቸውም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ሰው ትእዛዝ ሞቱ። እኔ ያንን ሐውልት ባለፍኩ ቁጥር በሆዴ ለሁለቱም ነው «ነፍስ ይማር» የምለው።

ቅድም በር ላይ አንዲት እናት ያዙኝ። «መሪጌታ፣ ዘፋኝነት ኃጢአት ነው ብለን አሳድገናቸው፣ አሁን እርስዎ ምን ሊሏቸው ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ እመልሳለሁ።

በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 5 የሥጋ ሥራ ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል በአማርኛው ዘፋኝነት የሚል ቃል አለ። ከስካር ቀጥሎ ነው የተጻፈው። በግሪኩ ቃሉ «ኮሞይ» ነው፣ ሰክሮ እየጮኹ መጨፈርን የሚያመለክት። ትርጓሜውን ለመምህራን እተዋለሁ። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ሰውን የሚያሰክር፣ ሴትን የሚያዋርድ፣ ገንዘብን የሚያመልክ ራፕ አለ። ብዙ አለ። እሱን ከቤቴ አላስገባውም። ራሳቸው ራፐሮቹም ይቃወሙታል። በፈረንጆቹ 1993 ኩዊን ላቲፋ ሴቶችን በስድብ ስም የሚጠሩትን ወንዶች ፊት ለፊት የገሠጸችበትን ዘፈን አወጣች፣ ግራሚም ተሸለመችበት። ልጆቻችሁ ይህን ከዚያ መለየት ይችላሉ። እናንተ አብራችሁ ከሰማችሁ ደግሞ የበለጠ ይችላሉ።

ሌላው፣ ራፕ መቅደስ ይግባ አላልኩም። አይግባ። ቅኔ ማኅሌቱ የቅዱስ ያሬድ ነው። ሦስቱ ዜማዎቹ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ ይበቁናል። እኔ ሕይወቴን ሙሉ ተምሬ ገና ጫፉ ላይ ነኝ። በዚህ አልደራደርም። ከመቅደሱ ስወጣ ግን ጆሮዬን ቆልፌ አልወጣም። በነቢዩ አሞጽ አፍ እግዚአብሔር የዝማሬህን ጩኸት ከእኔ አርቅልኝ፣ ፍትሕ እንደ ውኃ ይፍሰስ ይላል። ይህን የተናገረው ለዘማሪ ነው። ለእኔ ነው ማለት ነው። እሱን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ አረንጓዴ ጥለት ያላት ነጠላ ፊቴ ትመጣለች።

ወደ አገራችን ስንመጣ ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አዋሕዶ «ጉራጌቶን» አለን። ልጅ ሚካኤል አማርኛ በራፕ እንዴት እንደሚሮጥ አሳየ። ካስማሰ የሀገር ዜማ ቃና ሳይለቅ ይናገራል። የሲያትሉ ጋብርኤል ቴዎድሮስ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለ ስደተኛ ልጅነት ይቀኛል። ሁሉንም በእኩል አልወድም፣ ስማቸውን የጠራሁት ፈልጋችሁ እንድትሰሙ ነው። በፈረንጆቹ 2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ ባወጡት አልበም የመጀመሪያው ዘፈን ላይ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ትሰማላችሁ። ኒው ዮርክና ኪንግስተን በሙላቱ ዜማ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ማለት ነው። ሙላቱ ራሱ ስለ ያሬድ ሲናገር አይጠግብም። መቋሚያችንን ኦርኬስትራ ከሚመራ ሰው በትር ጋር ያመሳስለዋል። እንግዲህ ክሩን ተከተሉት። ከያሬድ እስከ ናስ ድረስ ብዙ ሩቅ አይደለም።

አንድ ልጅ ልንገራችሁና ልጨርስ። ስሙን አልጠራም፣ ያፍራል።

ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከበሮ ከማስተምራቸው አንዱ ነው። ቤተሰቡ የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ነበሩ። አያቱ እዚያው ወልደው፣ እዚያው ድረው፣ እዚያው እድር ገብተው አርጅተዋል። ዶሮ ማነቂያን የማያውቅ የፒያሳ ሰው የለም። የቁርጥ ቤቱ፣ የጠባቧ መንገድ፣ የማታው ጫጫታ። በእኛ 2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈረሰ። እነሱም ከከተማው ዳር ሄዱ። ቤቱ አዲስ ነው፣ ውኃም መብራትም አለው። ይህን ልጁም ይናገራል። አያቱ ግን ማንን ቡና ይጥሩ? ጎረቤቱ ሁሉ ተበትኗል። ልጁ አሁን ለከበሮ ልምምድ ሁለት ታክሲ ይዞ ነው የሚመጣው። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

አንድ እሁድ ልምምድ ጨርሰን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምን። ዝናብ ያካፋል። ወያላው «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ልጁ ስልኩን ያያል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያልክ ነው?» አልኩት።

«ምንም አይደል መሪጌታ።»

«በል ንገረኝ።»

ግራ ቀኝ አየ። አፈረ። ከዚያ እግሩ መሬቱን መታ፣ ወፍራሙን አንድ፣ ቀጭኑን አንድ። እኔ ያስተማርኩት አመታት ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

ቤት ይምታ አትበሉኝ ግጥሜን ስደረድር፣
ቤቱማ ተመታ እዚያ እኛ ሰፈር።

ደርቄ ቀረሁ። አያችሁት? ቤት መምታት የግጥም ነው፣ ስንኙ በአንድ ፊደል ሲዘጋ ቤት መታ እንላለን። ቤት መመታትም አለ፣ ግድግዳው፣ ጣራው፣ የአያቱ ጓዳ። አንዲት «ቤት» የምትል ቃል ሁለቱን ተሸክማለች። ቅኔ ቤት ኅብር የምንለው ይህን ነው። ተማሪ ስንት ወር ይለፋበታል። ደግሞ ቤት አልመታም ይላል እንጂ ስንኙ ቤት መትቷል። ምጣኔውም የወል ቤት ነው፣ ስድስት ስድስት ቀለም አድርጎ እኩል ከፍሎታል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረውም። ከሰፈሩ ነው ያገኘው።

ሰልፉ ሄደ፣ እኛ ቆመን ቀረን። ከኋላችን ያሉት ሰዎች አልፈውን ገቡ። ልጁ ቀጠለ። ስለ አያቱ ጀበና አለ፣ በአዲሱ ቤት በአራተኛ ፎቅ ላይ ስለሚጨስ ከሰል፣ ስለጠፋው የእድር ጥሩምባ። ሲጨርስ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጠበቀ። አንድ ነገር እንድለው ይፈልጋል። እኔም የኔታ ፊት እንዲህ ነበር የምቆመው።

«መሪጌታ፣ ይሄ ኃጢአት ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ይበል!» አልኩት።

ቀና አለ። ቃሏን ያውቃታል፣ ማኅሌት ላይ ሰምቷታል። ለእሱ ግን ተብላ አታውቅም። ጥቂት ዝም አልንና ሦስተኛው ስንኝ ላይ አንዲት ቃል እንደምትበዛበት ነገርኩት። ስልኩን አወጣ፣ የዝናቡን ጠብታ ከመስተዋቱ በእጅጌው ጠርጎ ሰረዛት።